ኮከብ የሚጋርድ ካሜራ

ቦንጋ ውስጥ ፎቶ ቤት ስከፍት ማን አስተማረሽ ያለኝ ሁሉ መልሴን አያምንም ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። የመጀመሪያዎቹን ሙሽሮቼን ጀርባቸውን ወደ መስኮት አዙሬ አቆምኳቸውና ፊታቸው ከሰል መስሎ ወጣ። የሙሽራው እናት ፎቶውን አገላብጠው አይተው፣ ልጃቸው የትኛው፣ ሚዜው የትኛው እንደሆነ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ብርሃን ሲበዛም ዓይን እንደሚያሳውር ያኔ ገባኝ።

ለዚህ ይመስለኛል የወንድሜ ልጅ ስለ ሥራዋ ስትነግረን ከቤተሰቡ ቀድሜ ነገሩን የያዝኩት። ልጅቷ ፊዚክስ ጨርሳ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋታል። እዚያ የሚያስተምሯት ሰው ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሕዋ ላይ ለሚወጣ ቴሌስኮፕ ካሜራ ይነድፋሉ። ካሜራው የሚፈልገው ሌላ ፀሐይ የምትዞር፣ የእኛን መሬት የምትመስል ዓለም ነው። እንዲህ ያለችው ዓለም ከኮከቧ ጎን ስለሆነች ብርሃኑ ይውጣታል። ስለዚህ ካሜራው ውስጥ ኮከቡን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ ክዳን ያደርጋሉ። ብርሃን ደግሞ አይታመንም፣ በክዳኑ ጠርዝ ዞሮ ሾልኮ ይገባል። የነዳፊዎቹ ጣጣ ያንን ሾልኮ የሚገባውን መያዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተለፍቶ ፎቶው ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት።

«አንዲት ነጥብ» አለችኝ።

ቅር አለኝ። እኔ ለደንበኛዬ ነጥብ አትሜ ብሰጠው ከነፍሬሙ ይወረውርብኛል። እሷ ግን የነጥቧ ብርሃን በየቀለሙ ሲለይ፣ እዚያ ውሃ ይኑር አይኑር፣ የሚተነፈስ አየር ይኑር አይኑር ፍንጭ እንደሚሰጥ ስታስረዳኝ እጇ አላርፍ አለ። እኔም ነጥቧን ወደድኳት።

አባቷን ግን ማን ያሳምነው። ወንድሜ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ የሚዳሰስ ነገር ነው የሚወደው። ሂጂም አትሂጂም አላላትም። ለምርቃት በቀረበች ቁጥር ግን ሚስማር መመዘን ይጀምራል። እሷም የአባቷን ምርቃት ሳትቀበል አውቶቡስ አልሳፈርም አለች። ትምህርቱ ሊጀመር ነው፣ ሻንጣዋም ተዘግቶ በር ሥር ቆሟል።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ጉሙ ወርዶ ሦስታችን የወንድሜ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ ባጃጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መብራቱ ሱቁን ሞላው። በእኛ ከተማ ሰውን ሰላም ሳይሉ ማሳለፍ ያስቀይማል፤ ወንድሜን ደግሞ በዚህ ማንም አያማውም። ከኋላ ወንበር ላይ ደንደን ያለ ሰው የተቀመጠ መሰለውና ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንዴት አመሹ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ጤናዎስ እያለ አንድ በአንድ ጠየቀ። መልስ የለም። ጎንበስ ብሎ ደገመው። አሁንም የለም። በመጨረሻ ቅር ብሎት መዳፉን ዘርግቶ መብራቱን ጋረደና አተኩሮ አየ።

የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ሾፌሩ የቆመው ፍራሹ እየተንሸራተተ አስቸግሮት ገመድ ሊገዛ ኖሯል።

እኔ በሳቅ ሞትኩ። ሾፌሩም መሪው ላይ ተደፋ። ልጅቷ ግን ሳትስቅ ተነስታ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባባ፣ እጅዎን አያውርዱ። መብራቱ ጠፍቷል?»

«ምን ይጠፋል፣ ይኸው ይበራል።»

«ፍራሹስ?»

«ፍራሹማ ይታየኛል፣ ምን ያደርጋል» አላት። በጣቶቹ መሃል የሾለከው ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ጣቶቹን ገጠማቸው።

«በቃ፣ የእኔ ሥራ ይሄ ነው። ካሜራው ውስጥ የምንሠራው የእርስዎን እጅ ነው።»

ወንድሜ መዳፉን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ እያደረገ ፍራሹ ሲጠፋና ሲታይ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ሲመጣ አየሁት፤ ሊደብቀው ግን ሞከረ።

«እዚያም ደርሳችሁ ፍራሽ ብታገኙስ?»

«ፍራሽ መሆኑን እናውቃለና። እስካሁን እኮ ሳናይ ነው የምንገምተው።»

ለሾፌሩ ገመድ ለክቶ ቆረጠለት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ፤ ሚዛኑን አልነካም። እሷም ገብቷት ጉልበቱ ሥር ዝቅ አለች። እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«ሌላውን ሰው ብርሃን ይብዛልህ ብዬ ነው የምመርቀው» አላት። «ለአንቺ ሥራ ግን አይሆንም። የሚያስቸግርሽን ብርሃን ይጋርድልሽ። የምትፈልጊያትን ያሳይሽ።»

አሜን አልን። ሾፌሩ ገመዱን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ ከሁላችን አስበልጦ አሜን አለ።