የጨመርኳት ጭረት

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚያወሩልኝ እንጨት እየላጉ ብቻ ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ ባለችው የአናጢነት ቤታቸው፣ አመሻሽ ላይ ፍቅፋቂው ምድጃ ውስጥ እየነደደ፣ የጽድ ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ በፋኖሱ ብርሃን አዳምጣቸዋለሁ።

ያኔ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ልኬቱን ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሙያውን የተማሩት በጫማና በኢንች ነውና እኔንም እንደዚያው አስተማሩኝ፤ ከቁጥሩ አናት በስተቀኝ ለጫማ አንድ ጭረት፣ ለኢንች ሁለት። «ጭረት ያቃለለ እንጨት ያቃጥላል» ይሉኝ ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ጎረቤታችን ሰዓዳ ከዓረብ አገር ተመልሳ ለአዲሱ ቤቷ በር አዘዘቻቸው። የዋንዛ ሳንቃውን የገዛችው በሰው ቤት ተቀጥራ ባፈሰሰችው ላብ ነው። አያቴ የበሩን ቁመት እየለኩ ተረት ጀመሩልኝ፤ ጦጣ ጥፋቷን በጅብ ልታላክክ አንበሳ ፊት ቆማለች። እዚያ ላይ አቋርጠው «ሰባት ጫማ ከሁለት ኢንች» አሉኝ። ተረቱ አጓጉቶኝ ስቸኩል ከሰባት ቀጥሎ ያለችውን ጭረት ዘለልኳት። ሁለቱ ቁጥሮች ተጣብቀው ደብተሩ ላይ ሰባ ሁለት ኢንች ሆነ፤ ስድስት ጫማ ማለት ነው።

በማግሥቱ ደብተሩን አይተው ቆረጡ። በሩ ሲገጠም ከስንዝር በላይ አጠረ። ሰዓዳ እንጨቱን ዳበሰችው። አያቴ ደብተሩን ዳግም ሊያዩ መነጽራቸውን ፍለጋ ሲሄዱ፣ እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቼ የጎደለችውን ጭረት ጨመርኩ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ደብተሩን አይተው ወደ ሰዓዳ ዞሩ። ከዚያ «ዓይኔ ነው የከዳኝ ልጄ፣ አውፍ በይኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቋት። እኔ ማልቀስ ስጀምርም ያዘኑት ለእኔ ነው።

«አብሽሪ፣ አንቺማ ደህና አድርገሽ ጽፈሻል።»

መጋዙን ያን ቀን ላያወርዱት ሰቀሉት። ተረቱም አብሮ ቀረ፤ ጦጣዋ እስካሁን አንበሳ ፊት ቆማለች። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ሲደርስ ወደ ደሴ በእግር ሸሸን፤ መንገዱ ጎዳቸው፣ በሳምንቱም አልጋ ይዘው ለሞት ተቃረቡ። እንደ ወጉ ሁላችንም ተራ በተራ ይቅርታ ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ አውፍ በሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን በድለሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ።

ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ጭረቷ ከሌሎቹ ጠቆር ትላለች። ዓይናቸው ምንም አልሆነም ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን ሳያውቁ ሞቱ።