ሳትታረድ የሞተችው ገብስማ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ገበያው ዳር ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ጓሮ የፈላ ውሃ የተደፋበት የዶሮ ላባ ሽታ መጣብኝና በሻርፔ አፍንጫዬን ሸፍኜ ራቅ አልኩ። ዶሮ መብላት ከተውኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሲጠይቁኝ "ሐኪም ከልክሎኝ ነው" እላለሁ፤ ውሸት ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከተማው ጫፍ ላይ ነበር። ከአጥራችን ኋላ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚዘልቅ ማሽላ፣ ከማሽላው ዳር ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ የእናቴ ጠላቶች ሁሉ ነበሩ፤ ቀን ጫጩት የሚሞጨልፈው ጭልፊት፣ ሲመሽ ቆጡን የሚዳብሰው ሸለምጥማጥ። ውሻችን ቡቺ ጅብ ሲመጣ ትንፍሽ አይልም፤ ሸለምጥማጡ ዶሮ ይዞ ከሄደ በኋላ ግን እሱን የሚያህል ጀግና የለም። ድመቲቱማ ወላሂ፣ ጫጩቶቹ እንኳ አይፈሯትም ነበር። "እነዚህን ከምቀልብ ሸለምጥማጡን ብቀጥረው ይሻለኛል" ትል ነበር እማ።

በዚያ ዓመት ከዶሮዎቹ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ገብስማ ናት። እማ ወንድሜን ስትወልድ ለአራስ ሾርባ ትሆናለች ተብላ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከእጄ ጥሬ የማበላት፣ እንቁላል ስትጥል አጠገቧ ቁጭ ብዬ የማወራት እኔ ነኝ።

እማ በወለደች በስምንተኛው ቀን፣ አባቴ ዛሬ ነገ ሲል ሳያርዳት ከብት ይዞ ባቲ ገበያ በሄደበት ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ እንደተሰገደ ገብስማዋ ጮኸች። ሮጬ ከሸለምጥማጡ አስጣልኳት፤ አንገቷ ሥር ግን ተዘንጥሏል። በእኛ ሰፈር ዶሮ የሚያርድ ወንድ ብቻ ነው። ቢስሚላህ ብሎ የሚያርዳት ወንድ ሳይደርስላት ከሞተች በክት ናት፣ ትጣላለች። እማ ከተኛችበት ሆና፣ እንደ ልማዷ ኦሮምኛውን ካማርኛው እየደባለቀች፣ "ፊጊ! ሩጪ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ! ጎረቤት ሼህ እንድሪስ ጋ፣ ነፍሷ ሳይወጣ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ታቅፌያት ሮጥኩ። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል። የሼሁ በር ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዞርኩና ጓሯችን ካለው የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ደበቅኳት። ቁስሏ ላይ የተወቀጠ ቡና ነሰነስኩበት፣ በጣሳ ውሃ አቀረብኩላት። ትድናለች ብዬ ነበር። ከዚያ እያለቀስኩ ገብቼ "ሼሁ የሉም፤ መንገድ ላይ ሞተችብኝ" አልኩ። እማ ትንሽ አየችኝና "በይ ተይው፣ አላህ ያላለው ነው" አለች። ቀትር ላይ ዙህር አዛን ሲል እውነትም ሞታ አገኘኋት።

የእማ ጡት ደረቀ። ወንድሜ አርባ ቀን ሳይሞላው ሞተ። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች "አራስ ጉሮሮዋ በሾርባ ሳይርስ ወተት ከየት ይምጣ?" ሲባባሉ ከመጋረጃው ኋላ ሰማሁ። ዛሬ በአንድ ዶሮ ሾርባ የሰው ነፍስ እንደማይተርፍ አውቃለሁ፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ።

አሁን ቁጥቋጦው የለም፣ ማሽላው ቤት ተሠርቶበታል። ጭልፊቱም ሸለምጥማጡም የት እንደገቡ እንጃ። ጎረቤቴ በሽቦ ቤት የፈረንጅ ዶሮ ያረባል፤ ሁሉም ነጭ፣ አንዷን ካንዷ አልለያትም።

ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ እማ አልጋ ያዘች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሯን ሳሽላት፣ ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ያን ቀን ረፋዱ ላይ ሼህ እንድሪስ በአጥር በኩል እንኳን በሰላም ተገላገልሽ አሉኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም አሉ። ዶሮዋም አገዳው ሥር ስትንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ልጠራቸው አልኩና፣ ለቅሶሽ ሆዴን በላኝ፤ ተውኩት። ያን ሕፃን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

አይደለም እማ፣ እኔ ነኝ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እግሯን ማሸቴን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተች።