ከመርፌ የሸሸ ክንድ

በጃንሆይ ጊዜ፣ ፈንጣጣ ቢላ ከተማ ገባ በተባለበት ዓመት፣ እዚያ ገበያ የምንወጣ እኛ የነቀምቴ ጨው ነጋዴዎች የፈራነው ፈንጣጣውን ሳይሆን መርፌውን ነበር። «የተከተበ ክንድ ያብጣል፤ ለሳምንት ጆንያ አያነሳም» ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ የገበያ ወሬ አባት የለውም። ፈንጣጣ የጠቀጠቀው ፊትማ ጨው ከመሸጥ አያግድም!

ባለቤቴ ከታቢዎቹ በመጡበት ቀን ልጆቹን ሰብስባ ሄዳ ተከተበች። ስትመለስ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች። አየኋትና «የሴት ክንድ ሌላ ነው» አልኳት።

ኋላ ትእዛዝ ወጣ፦ ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ የሌለው ቢላ ገበያ አይገባም። ዝናቡ ደርሷል፤ መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ከሞላ ወደ ቢላ መሻገሪያ የለም። ቤት የከረመ ጨው ደግሞ ውሃ ሆኖ ወደ መሬቱ ይመለሳል።

የወለቀ የሚመልሱ፣ ራስ ምታት በጋለ ብረት የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ጎረቤት ነበሩን። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ኦቦ፣ የክትባት የምትመስል አንዲት ጠባሳ ያውጡልኝ።»

«ልጄ፣ ይሄ ከመርፌው ይብሳል እኮ።»

«ይባስ። እሳቱን አውቀዋለሁ።»

ብረቱ ሲያርፍብኝ ጩኸቴ ጎረቤት ከተማ ጉቴ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከኋላዬ የተሰለፉት ነጋዴዎች ግን አንድም አልሸሹ፤ መርፌ የፈራ ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ ለእሳት ተራውን ይጠብቃል።

በሦስተኛው ቀን የተተኮሰው ግራ ክንዴ ዱባ አከለ፤ መግል ቋጠረ። ጆንያ ቀርቶ የበቅሎ ልጓም መያዝ አቃተኝ። ሁለት ገበያ አመለጠኝ። ባለቤቴ «አይ የወንድ ክንድ! እውነትም ሌላ ነው» ትለኛለች።

ለሦስተኛው ገበያ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ፣ በዚያ በተከተበ ክንዷ ጆንያዎቹን በቅሎ ላይ ጫነችልኝ። ቢላ ስደርስ ገበያው መግቢያ ላይ ከፖሊሱ ጎን ገና ጢም ያላወጣ ከታቢ ቆሟል። እጅጌዬን ገለጥኩለት። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ከተበዎት?»

«ነቀምቴ ነው የተከተብኩት።»

«እንዲህ ያለ ጠባሳ ይዞ የመጣ የነቀምቴ ነጋዴ ዛሬ እርስዎ ብቻ አይደሉም። አንድ ብረት ነው ሁላችሁንም የከተባችሁ። ቀኝዎን ይስጡኝ።»

ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ! ይለፉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ያን ቀን ጨዌን ያራገፍኩት በቀኜ ነው፤ በተወጋው። ግራው ወንዙ ሞልቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ አልታዘዘኝም።