የቡርቃ ዲማ ውሃ ከማን እጅ ተጠጣ

ከከሚሴ በባጃጅ ወጥቶ፣ ዋናውን አስፋልት ትቶ ወደ ተረተሩ የሚታጠፍ ሰው ካለ፣ ወይ መንገድ ስቷል ወይ ቡርቃ ዲማ ውስጥ ዘመድ አለው። ሌላ ምን ይወስደዋል! መንደሯ ገበያ የላት፣ ፎቅ የላት። አቀማመጧ ግን! ከበታቿ ጨፋ ነው፤ ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲተኛበት ባሕር የሚመስል፣ በጋ አገሩ ሁሉ ሲነጣ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር፣ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብትና ግመል የሚጠራ ሜዳ። ከበላይዋ ጋራ ሳሬ የሚሏት መላጣ ጉብታ አለች። ከሁለቱ መሃል፣ ወገቡ ላይ፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ደግሞ ምንጩ። ስሟም የመጣው ከእሱ ነው፤ ቡርቃ ዲማ በኦሮምኛ ቀይ ምንጭ ማለት ነው። ቀዩ አፈሩ ነው እንጂ ውሃውስ ጥርስ የሚያደነዝዝ፣ ጥርት ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ለመጪ ለሂያጁ የሚያስረዳው ሸምሱ ነበር፣ ባለወፍጮው። ወደ ሃምሳው የተጠጋ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሞተር አጠገብ ሲናገር ስለኖረ ዝግ ብሎ ማውራት አይችልም። ሚስጥር ጆሮህ ላይ ቢነግርህ ማዶ ያለው ሰው መልስ ይሰጠዋል ይሉታል። ማሽላና ጤፍ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ አገሩን የሚማረው ከእሱ ነበር።

"የኛ ሰዎች ድሮ ታች ነበሩ፣ ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ ለከብቱ ሣር ብለው" ይላል፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ። "ወባ ፈጀቻቸው! ነፍሳችንን ብለው ወደዚህ ወጡ። እዚህ ወባ የለ፣ ውሃም የለ! ሴቶቻችን እንስራ አዝለው ከቦርከና ሽቅብ ሲወጡ ጀርባቸው አለቀ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል ከወረፋው አንዱ፣ መልሱን ከልጅነቱ ጀምሮ እያወቀው።

"ከዚያማ ከድጃ መጣች!"

ከድጃ በአንድ የድርቅ ዓመት ከሰሜን በኩል ሕፃን አዝላ የመጣች፣ ዘመድ የሌላት፣ ስሟን እንኳ ማንም በቅጡ ያልጠየቃት ሴት ነበረች። ዋርካው ሥር አደረች። ስትነቃ የተኛችበት አፈር ቀሚሷን አርጥቦታል። በተሰበረ ዶማ መቆፈር ስትጀምር የመንደሩ ወንዶች ቆመው ሳቁባት። "ከሳቁት አንዱ የኔው አያት ዑመር ነው፣ ጥርሱ ይርገፍ!" ይላል ሸምሱ፣ ወረፋውም አብሮት ይንከተከታል። ውሃው ብቅ ሲል ወንዶቹ ሳቃቸውን ውጠው ደህና ዶማ አቀበሏት። ያቺ የታዘለችው ሕፃን ዛሬ የመንደሩ ትልቅ ሰው የሆኑት ፋጡሜ ናቸው። በኦሮምኛው አኮ ፋጡሜ፣ አያት ፋጡሜ፣ ይሏቸዋል።

በቡርቃ ዲማ አንድ ደንብ አለ። ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ቤት ከመግባቱ በፊት ምንጩ ላይ ይቆማል። የመንደሩ ነጋሪ አገሩን ይነግረዋል፤ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ማን እንዳቀናው፣ ምንጩን ማን እንዳወጣው። ከዚያ ምንጩን ያወጣው ሰው ዘር በቅል ቀድቶ ለእንግዳው ያቀብላል። እንግዳው ከዚያ እጅ ጠጥቶ "አላህ ይዘንላት" ካለ በኋላ ነው የልጅቷ ነገር የሚነሳው። ነጋሪነቱ ለሸምሱ ከአባቱ ወርዶለታል፤ ቅሉ ደግሞ ለአኮ ፋጡሜ ከእናታቸው።

ስንቱን እንግዳ ሲያስተናግድ ኖሮ፣ ተራው የራሱ ልጅ የጀነት ሆነ። ጀነት ከሚሴ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የጠየቃት ልጅ አባት አብዱሰላም ይባላል፤ የጨፋ ሮቢት ከብት ነጋዴ ነው፣ በሬ ሲያይ ሳይነካ ክብደቱን የሚናገር። ሸምሱ ከማለዳው ጀምሮ ሲታጠብ፣ ሲፋተግ፣ እንደገና ሲታጠብ ዋለ። ሚስቱ ሪሀና "አንተን ነው እንዴ የሚያጩህ?" ብላ ሳቀችበት። ያም ሆኖ ዱቄቱ ከጥፍሩ ሥር አልወጣም።

እንግዶቹ መኪናቸውን ታች አቁመው ዳገቱን ሲወጡ አብዱሰላም ስለ ዘሩ እያወጋ ነበር። አያቱ ትልቅ ዓሊም ነበሩ፤ ደረሳ ሰብስበው ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ መስጊድ ያሠሩ። አባቱም እንዲሁ። ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና "አንቱስ ሸምሱ፣ የማን ዘር ነዎት?" አለ። በክፋት አልነበረም፤ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሸምሱ ግን እጁን ከጀርባው ደበቀ። ከብት ጠባቂው ዑመር ትዝ አለው፣ ቆሞ የሳቀው።

ምንጩ ላይ መንደርተኛው ተሰብስቧል። አኮ ፋጡሜ ቅላቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሸምሱ ጀመረ፤ ጨፋን፣ ወባውን፣ ሽሽቱን እያሳመረ ነገረ። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ያን ቀን የነገረውን ያህል አሳምሮ ነግሮ አያውቅም።

"ይህን ምንጭ ያወጡት ደግሞ..." አለና ዓይኑ በአብዱሰላም ነጭ ጋቢ ላይ አረፈ። "...የኔ አያት፣ ሸህ ዑመር ናቸው!"

"ማሻአላህ! ማሻአላህ!" አለ አብዱሰላም።

ከመንደርተኛው አንድም ሰው አልተነፈሰም። እንግዳ ፊት የልጅ ጋብቻ የሚያፈርስ ሰው ቡርቃ ዲማ ውስጥ አልተወለደም። አኮ ፋጡሜ ቅሉን ሞልተው ነበር። ቀስ ብለው ቀና አሉ። እንግዶቹን አዩ፣ ቅሉን አዩ። ከዚያ ወደ ሸምሱ ዞሩና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

"እንኪያማ አንተ ስጣቸው፣ ልጄ። ደንቡ ነው።"

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለው ነበር። ሸምሱ ተቀበለ፤ ግማሹን ጫማው ላይ አፈሰሰው። እንግዶቹ ጠጡ። "አላህ ይዘንላቸው፣ ሸህ ዑመርን" አሉ።

እንግዶች በልተው፣ ዱዓ አድርገው፣ የኒካውን ቀን ቆርጠው ሲሄዱ ሪሀና ሳህን እየሰበሰበች ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

"ይሄ እኔ የማላውቀው ሸህ ዑመር ከየት መጣ?"

"ተይኝ ሪሀና።"

"ልተውህ? አኮ ፋጡሜ ሳይበሉ ነው የሄዱት። ወላሂ ቤታችንን ሳይረግጡ!"

"ለጀነት ብዬ ነው።"

ጀነት ከጓዳ ብቅ አለች። "በኔ አታሳብብ አባ" አለችና ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሙሳ፣ ጎረቤቱና የልጅነት ጓደኛው፣ የማሽላ ጆንያውን ዱብ አደረገና ጮኸ፤ "ሸምሱ! ቦርከናንስ የቆፈሩት የማን አያት ናቸው?"

"ኧረ እነ ጋራ ሳሬንም የከመሩት ሸህ ዑመር ናቸው አሉ" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ሸምሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ የሞተሩን ቀበቶ የሚያይ መስሎ ከጀርባው ገባና እዚያው ቆየ። ቀልዱስ ምነው ባላለቀባቸው! ዋናው ቀልዱ ሲያልቅ የመጣው ነው። "እሺ፣ ከዚያስ?" የሚለው ሰው ጠፋ። ሴቶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ወንዶቹ ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ፣ ዱቄታቸውን ይዘው "ጀዛከላህ" ብለው ይወጣሉ። ሸምሱ ውሃ ሲጠማው ወደ ምንጩ መሄድ ተወ። መስጊድ ውስጥም ከፊት ሰልፍ ሸሽቶ ከጫማዎቹ አጠገብ መስገድ ጀመረ።

አንድ ቀን ሙሳ ከጨፋ ሮቢት ገበያ እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣ። ያን ቀን ግን አልሳቀም።

"አማችህ በሬ እየሸጠ ምን እንደሚል ታውቃለህ? 'ከሸህ ዑመር ዘር ልንጋባ ነው፣ ከድንጋይ ውሃ ያፈለቁ ወሊይ' ይላል። ወሊይ! ትንሽ ቢቆይ ለዑመር መቃብር ዚያራ መውጣት ልንጀምር ነው።"

"አስታግፊሩላህ።"

"እሱን ለኔ ምን ትለኛለህ። ከድጃ ግን አለቀላት።"

ሸምሱ ሞተሩን አጠፋ። እህል ያልተፈጨላቸው ሰዎች "ምነው?" ሲሉት ሳይመልስ ወጣ።

አኮ ፋጡሜ ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ አኮ።"

"ወዓለይኩም ሰላም። አካም ጅርታ፣ ልጄ? ሪሀና ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ። አኮ... አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

"ለምኑ?"

"ለዚያው... ለዚያ ቀኑ።"

"እሱ ነገር ስም የለውም?"

ሸምሱ መሬት መሬት አየ። አሮጊቷ አንድ የበቆሎ ራስ ጨርሰው ሌላ አነሡ።

"እኔ እኮ ጀርባዋ ላይ ነበርሁ" አሉ። "ምኑን አስታውሳለሁ? ቆላ ወርዳ ወባ ስትገድላት ገና ዳዴ እል ነበር። መልኳን አላውቀውም። እናቴን የማውቃት መጀመሪያ ከአባትህ አፍ፣ ኋላ ከአንተ አፍ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንጩ ላይ ቆሜ አገኛታለሁ። ልጅህ ጀነት የተጠየቀች ቀንም ላገኛት ነበር የመጣሁት።"

መሬቱ ቢከፈት ሸምሱ ይገባበት ነበር።

"አውፍታውን ለኔ አታድርገው" አሉ አኮ ፋጡሜ። "የጠጡት እንግዶችህ ናቸው።"

በገበያው ቀን ሸምሱ ጨፋ ሮቢት ወረደ። አብዱሰላም በከብቶቹ መሃል ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። "ኦሆሆ፣ የወሊዩ ልጅ!" ብሎ ለሰላምታ ትከሻውን ሰጠው። ሸምሱ ክንዱን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው፤ በሚስጥር ሊነግረው ነበር ሐሳቡ። ግን በምን ድምፅ? ዝግ ያለ መስሎት የተናገረው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

"አያቴ አይደለም ያወጣው!"

ነጋዴዎቹ ዞሩ። በሬዎቹም የዞሩ መሰለው።

"ማን ነው ታዲያ?" አለ አብዱሰላም።

"ከድጃ የምትባል ሴት። ዘመድ ያልነበራት፣ በእግሯ የመጣች።"

"ያንቱ አያትስ?"

"ቆሞ ሳቀባት።"

ከነጋዴዎቹ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለው። አብዱሰላም አልሳቀም። ፊቱ ላይ የነበረው ሞቅታ ቀስ እያለ ሲወጣ ታየ። እስከዚያች ደቂቃ ሸምሱን አንቱ ሲለው ነበር።

"ስማ አንተ" አለ። "የዘርህ ነገር አይደለም። ያወጣው ሰው ዘር ያጠጣል፣ ደንባችን ነው ያልኸኝ ራስህ ነህ። እኔ ሽማግሌዎቼን ይዤ ያን ያህል ዳገት ወጥቼ ከማን እጅ ነው የጠጣሁት? ለማን ነው ዱዓ ያደረግሁት?"

ሸምሱ ከጥፍሩ ሥር ያልወጣውን ዱቄት አየ።

"ወይ በኒካው ቀን እነዚያው ሽማግሌዎች ባሉበት እንደገና ታጠጡናላችሁ፣ ሁሉም ሰው ሰምቶ። ወይ ነገሩ እዚሁ ይቀራል።"

ሸምሱ በሚኒባስ ሲመለስ መስኮቱን ተደግፎ ጨፋን አየ። ስንት ጊዜ ሲያሞግሰው በኖረው ሜዳ ላይ ያን ቀን የሚያየው ሰው ሁሉ ታሪኩን የሰማ መሰለው።

የኒካው ቀን ደረሰ። ምንጩ ላይ የቡርቃ ዲማ ሰው፣ የጨፋ ሮቢት ሽማግሌዎች፣ የሙሽራው ጓደኞች ስልካቸውን ደግነው፤ እግር መርገጫ ጠፋ። አኮ ፋጡሜ ተጠርተው መጥተው ነበር፤ ቅሉን ግን ሳይቀዱበት ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። ሸምሱ መሃል ገባ። አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ትንሽ፣ ቀጠን ያለ።

"አልሰማንም!" አለ ሙሳ ከኋላ። ሊያፌዝበት ብሎ አልነበረም፤ እውነትም አልተሰማም።

ሸምሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሜዳውን ነገረ፣ ወባውን ነገረ። "ምንጩን ያወጣችው ከድጃ ናት" አለ። "ከሰሜን ሕፃን አዝላ መጣች። ስሟን የጠየቃት አልነበረም። በተሰበረ ዶማ ቆፈረች። አያቴ ዑመር... ሸህ አልነበረም፣ ከብት ጠባቂ ነበር... ቆሞ ሳቀባት። ባለፈው የነገርኋችሁ ውሸት ነው። የራሴ ውሸት ነው።"

ወፍጮ ቤት ውስጥ ዑመር ሲሳቅበት የኖረ ሰው ነው። በዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። አኮ ፋጡሜ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። "ከድጃ" ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርሶ ሲቆም ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጎንበስ ብለውም ቀዱ።

አብዱሰላም መጀመሪያ ቀረበ። "ቢስሚላህ" ብሎ ጠጣ። "አላህ ይዘንላት፣ ከድጃን።" ሌሎቹም ተከተሉ። እንግዳው ብዙ ነበር፤ የአሮጊቷ ክንድ መዛል ሲጀምር ጀነት የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባችና ክንዳቸውን ከሥር ደገፈችላቸው። "ኧረ ቀሚስሽ!" አሏት። "ይታጠባል አኮ፣ አንቱ ይቅዱ" አለች።

ኒካው ታሰረ፣ ጋብቻውም ጸና። አብዱሰላም ወደ ድግሱ ሲያልፍ ሸምሱን ጨበጠው፤ ትከሻውን ግን አልሰጠውም። ከመንደርተኛው የተቆጣው የለም፣ የሰደበውም የለም። ምነው አንድ ሰው በሰደበኝ ብሎ ተመኘ። ሙሳ እንኳ "በል ና፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ" ከማለት ሌላ ቃል አላወጣም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሸምሱ ቆየ። አኮ ፋጡሜ በከዘራቸው ዳገቱን ሲጀምሩ ክንዱን ዘረጋላቸው። አዩት፤ ፊታቸው ውስጥ ጥላቻም ይቅርታም አላነበበም።

"ቀድመህ ሂድ" አሉት። "እንግዶችህ ደርሰዋል። እኔ እንደሆንሁ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ሸምሱ ቀደመ። የከዘራቸውን ኳኳታ ከኋላው እየሰማ፣ ዞሮ ማየት አቅቶት፣ ዘፈኑና እልልታው እስከሚሰማበት እስከ ቤቱ ደጃፍ አንገቱን ሳያቀና ሄደ።