ሁለት ጊዜ የተቀነሱ ሰባት ደቂቃዎች

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን። የአዲሱ ሪፖርት ረቂቅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሟል። የመጨረሻው መስመር «ባለጉዳይዋ ከመጀመሪያው እንደተናገሩት፣ ማስጠንቀቂያው የተሰማው» ይልና ሳይዘጋ ይቀራል። መርማሪዋ ቀሪውን ዓርብ ጠዋት ልትጽፈው ነበር። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ልቧ ቆመ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሥራዋ በአንድ አጣሪ ኮሚሽን ውስጥ ሰዎች ለሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ እንዴት እንደያዛቸው መመርመር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። ከየትኛውም ወገን ቢመጣ «አባረሩን» ወይም «ደበደቡን» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃትም፤ «በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ?» ትላለች። ስሟ እዚያው ቢሮ ውስጥ እትዬ ደቂቃ ሆኖ ቀረ። ሻይ የምታመጣላት ሴት ሳትቀር «እትዬ ደቂቃ፣ ሻይሽ ሊቀዘቅዝ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል» እያለች ትቀልድባት ነበር።

ደቂቃ የምትቆጥረው ሰው ለማድከም አልነበረም። ካሜራ ሁሉ የየራሱ ሰዓት አለው። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ወደኋላ ይቀራል። ሰዓቶቹን ሳያስማሙ ማን ቀድሞ ምን እንዳደረገ ለመናገር መሞከር ውሃ ወቀጣ ነው።

የመጨረሻ ጉዳይዋ ውሃ የተቋረጠባቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያደረጉት ሰልፍ ነበር። ደንቡ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ከመተኮሱ በፊት በድምፅ ማጉያ አስጠንቅቆ አምስት ደቂቃ እንዲጠብቅ ያዛል። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ በግርግሩ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። «ጭሱ ዓይኔን ካቃጠለኝ በኋላ ነው ተበተኑ ሲሉ የሰማሁት» ብለው አመለከቱ።

ጭሱ ሲተኮስ የመድኃኒት ቤቱ ካሜራ ይዞታል፤ ሰዓቱም ልክ ነው፤ 5:19። ማስጠንቀቂያው የሚሰማው ግን በፖሊስ መኪናው ካሜራ ላይ ብቻ ነው፤ ፖሊስም የሰጠው ያቺን አጭር ቁራጭ ነበር። የመኪናው ካሜራ ሰባት ደቂቃ እንደሚቀድም ተረጋግጧል። መርማሪዋ እጇ ላይ ያለውን ቅጂ ስታይ 5:19 ይላል። ሰባት ቀነሰች፤ 5:12 ሆነ። ስለዚህ ፖሊስ ሰባት ደቂቃ አስቀድሞ አስጠንቅቋል፣ ባለጉዳይዋ በድንጋጤ ጊዜው ተምታቶባቸዋል ብላ ጻፈች። ፈረመች። ሪፖርቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ባለጉዳይዋ ይግባኝ ካላሉበት ወይም የጻፈችው መርማሪ ራሷ ካልሳበችው ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ቀኑ የሚያልቀው ሐሙስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይግባኝ አላሉም።

ማክሰኞ የካሜራ ቅጂዎችን የሚያዘጋጀው የቢሮው ባለሙያ ከዕረፍት ተመለሰ። መርማሪዋ የቅጂዎቹን ፖስታዎች ወደ መዝገብ ቤት ልትመልስ ስታስተካክል አያትና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ ደቂቃ፣ የመኪናዋ ሰዓት ቀለለሽ አይደል? እኔ አስተካክዬ አይደል የተውኩልሽ!»

እጇ ፖስታው ላይ ቀረ። «ምኑን ነው ያስተካከልከው?»

«ሰባቱን ደቂቃ ነዋ። ኦሪጂናሉ 5:26 ነው የሚለው።»

«ቀይ መስመሩስ?»

በዚያ ቢሮ ሰዓቱ የታረመ ቅጂ ፖስታው ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። ቀይ መስመር ከሌለ የሚያየው ሰው ራሱ ያርማል። ባለሙያው ፖስታውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ጥጉ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነበር።

«ቀዩ አልቆብኝ ነበር» አለ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ለዕረፍት ልወጣ ስሮጥ… እነግራታለሁ ብዬ… እትዬ?»

ማስጠንቀቂያው 5:19፣ ጭሱም 5:19። ሴትዮዋ የተምታታባቸው ነገር አልነበረም፤ ተምታቶባቸዋል ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄደች። ባሏ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ወረቀቱን ዘረጋችለት፤ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«መቀነሱስ ልክ ነው» አለ። «ተማሪዬ ብትሆኚ ልክ ብዬ አርምልሽ ነበር። ችግሩ አንዱን ጥያቄ ሁለታችሁ መሥራታችሁ ነው።»

«አትቀልድብኝ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። አልበላሽም እኮ፣ አንቺ። መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ። ነገ ስስበው ፖሊሶቹ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? የአሥራ አንድ ዓመቱን ሁሉ እንፈትሽ ነው የሚሉት። በእኔ ሪፖርት የተቀጡት ፖሊሶች በሙሉ ይነሣሉ።»

«ባትስቢውስ?»

ምግቡን አንዴ ጎርሳ ተነሣች። ሌላ ጊዜ በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፏን ይዛ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነበር የምታየው፤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሐሙስ ጠዋት የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሪፖርቱን የምትስብበትን ደብዳቤ ቆመው አነበቡት።

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ እጅሽ ገመድ እያቀበልሻቸው ነው። ሴትዮዋ ይግባኝ አላሉ፣ ማንም አልጠየቀሽ።»

«ይግባኝ የሚጻፍበት እጃቸው እኮ ነው የተሰበረው፣ ጋሼ።»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። «ከነገ ጀምሮ መዝገቦችሽን ሁሉ ይጠይቁናል። እኔም ልከላከልልሽ አልችልም፤ እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

ደብዳቤው ላይ ማኅተም ተመታ፣ ቁጥር ወጣለት። መርማሪዋ ወዲያው አዲሱን ሪፖርት ጀመረች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ፖሊሶቹ መሰሏት ነበር፤ ሁለቴም በስሕተት የተደወለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረቂቁን እንዳለ ትታ ተነሣች፤ የደብዳቤው ቅጂ ለባለጉዳይዋ በእጅ ደርሶ ካልተፈረመበት ሕጋዊ አይሆንም፤ ቀኑም ያን ዕለት ያልቃል።

ልብስ ሰፊዋ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ? ተምታቶባታል ብለሽ ጽፈሽብኝ የለ?»

«የተምታታው በእኔ ነው፣ እናቴ። እርስዎ ያሉት ልክ ነበር። ሪፖርቱን ስቤዋለሁ፤ እንደገና ይታያል።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። «ለአንቺ ጥሩ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያስ ቁጭ በይ፤ ላብሽ ይድረቅ።»

በግራ እጃቸው ፈረሙ፤ ፊርማው ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ልትወጣ ስትል በፌስታል የታሠረ የተማሪ ዩኒፎርም ዘረጉላት፤ ልጃቸው በስፌት መኪናው ሰፍታው እሳቸው አዝራሩን በአንድ እጅ የጨረሱት ነው።

«መንገድሽ ከሆነ ጥጉ ላይ ላለችው ዳቦ ጋጋሪ አድርሺልኝ። ከትናንት ጀምሮ እየጠበቀችኝ ነው።»

መንገዷ አልነበረም። ፌስታሉን ተቀብላ ወደ ላይ ወጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ዩኒፎርሙን ገለጠችው፣ ጠርዙን በሁለት ጣት ሳብ አድርጋ አየችው፣ «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አለችና ወደ ውስጥ አስገባችው። መርማሪዋ ለቤቷ ዳቦ ልትይዝ አስባ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ሳትገዛ ወጣች።