አጋሙ ሲያብብ የረጨሁት ፀረ ተባይ

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ነገሌ በሚገኘው ግቢዬ፣ ከአጋም አጥሬ ሥር የሞቱ ንቦች አየሁ።

አጋሙን የተከልኩት ለወፎችና ለንቦች ብዬ ነው። ቅጠሉ ላይ ተባይ ስላየሁ፣ ማለዳ ፀረ ተባይ ረጨሁበት። ጭምብል አድርጌ፣ የነፋሱን አቅጣጫም አይቼ ነበር።

ጥንቃቄዬ ሁሉ ለራሴ ነበር፤ አጋሙ ማበቡን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ንብ አናቢዋ ጎረቤቴ እማማ ሎኮ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «አካም ልጄ! ንቦቼን በአበባ አባብለህ ልትወስድብኝ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ናጋ» ብዬ የኦሮምኛ ሰላምታቸውን ብቻ መለስኩላቸው። ትንሽ ቆይቼ ግን ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

አልተቆጡኝም። የተረፉት ንቦች እንዳይወጡ የቀፎውን አፍ በሣር እየደፈኑ፣ «አምነውህ እኮ ነው የመጡት» አሉኝ።

እናንተስ ያለማችሁትን በገዛ እጃችሁ አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤታችሁን በምን ቃል ይቅርታ ጠየቃችሁ? እኔ ቃሉን ገና እየፈለግሁ ነው።