ቀይ ናፍጣና ሦስት ሽማግሌ

አባቴ አንድ ነገር ክልክል ነው ከተባለ፣ ክልከላው የወጣው ለሌባ ነው ብሎ ያምናል። እሱ ደግሞ ሌባ አይደለም። ስለዚህ ኦሃዮ ውስጥ ያለው ሕግ በሙሉ ማለት ይቻላል እሱን አይመለከተውም። እኔ ልጁም፣ ሹፌሩም፣ አስተርጓሚውም ነኝ። ስንቱን ሕግ አስረድቼው ደክሞኛል መሰላችሁ።

ኮሎምበስ ከመጣ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ነው የኖረው። ወረርሽኙ ሲመጣ እኔና ወንድሜ ተጨንቀን ሥራውን አስተውነው ሊንደን ያለው ቤታችን አስቀመጥነው። ምን በወጣኝ! ሁለት ወር ሳይሞላው በር እየነቀለ መልሶ መግጠም ጀመረ። ዕድሜውን አርሲ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረን ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ ዜና አሳዩት፤ ጉዱን ያኔ ታያላችሁ።

እግዜር ይስጣቸው፣ አፐር አርሊንግተን ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሴትዮ ወንድም ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ አላቸው። ስለ አባዬ ነግሬያቸው ኖሮ፣ ሣር ብቻ የሚበቅልበትን ሁለት ኤከር መሬት ይረስበት አሉ። ትራክተራቸውንም ፈቀዱለት። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ትራክተሩ ላይ ሲወጣ አሥር ዓመት ከላዩ ላይ ወረደ። የቤታችንም በር ዳነ።

ባለእርሻው የሰጡን ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ከትራክተሩ መጠለያ ጀርባ ወዳለው የነዳጅ በርሜል ወስደው በጠርሙስ ቀድተው አሳዩን፤ ናፍጣው እንደ ቪምቶ ቀይ ነው። ለእርሻ ስለሆነ የመንገድ ግብር አልተከፈለበትም፤ ቀለም የተነከረውም እንዲታወቅ ነው። ትራክተር ላይ ይፈቀዳል፤ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ከተገኘ ግን ቅጣት አለው፤ በርሜሉም የተመዘገበው በእሳቸው ስም ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። አባዬ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና፣ "ሌባ አይደለሁም በያቸው" አለኝ። እኔ "እሺ ብሏል" አልኳቸው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሃያ ሃያ አንድ መስከረም፣ ድንቹ ደረሰ። አባዬም ደቦ ጠራ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ ፓርኪንግ ላይ በየመኪናቸው ተቀምጠው ሲያመልኩ ስለከረሙ፣ ሰው ማየት ርቧቸው ነበር። አሥራ አራት ሆነው በቤተ ክርስቲያኑ ቫን ከች አሉ። ቆፈሩ፣ ለቀሙ፣ ዘመሩ፣ በሉ። ድንቹ በግማሽ ቀን አለቀ። ለየሰዉ አንድ አንድ ከረጢት ተሰጠና ሊሄዱ ሆነ።

እኔ እጄን ስታጠብ ነው አባዬ ሹፌሩን የጠየቀው። የቫኗን ናፍጣ ማን ሞላው? ሹፌሩም ራሴ አለ። አለቀ። ደቦ የጠራ ሰው የሰዉንም የበሬውንም ሆድ ሞልቶ ነው የሚሸኘው፤ ይኸው ነው የአባቴ ሕግ። ቫኗ በሬ ሆነች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ቀና ስል ቫኗ በርሜሉ አጠገብ ቆማ የቀይ ናፍጣው ቱቦ ጎኗ ውስጥ ገብቷል፤ ሹፌሩ "ተባረኩ ጋሼ" ይላል፤ ባለእርሻውም በዚያው ቅጽበት በጓሮ በኩል ብቅ አሉ።

ፊታቸው ከናፍጣው ባሰ። አልጮሁም። ጮኸው ቢሆን ይሻል ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉ፤ ከዚያ የእጅ ፓምፕና ጀሪካን አምጥተው ጎንበስ ብለው ናፍጣውን መምጠጥ ጀመሩ። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም ብለው ታንኩን ቀለም በሌለው ናፍጣ ሁለቴ አለቀለቁት። አሥራ አራቱ ምእመናን ድንች ከረጢታቸው ላይ ተደርድረው ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። አንዷ እህት ቫኗ ላይ እጇን ጭና ጸለየችላት።

ሲጨርሱ አባዬ በእኔ በኩል የሚቀጥለውን ዓመት ዘር ጠየቃቸው፤ ነገር ማብረዱ ነው። "ስለሚቀጥለው ዓመት እናያለን" አሉ። እሱን ስተረጉም አባቴ ክው አለ። እንግዲህ እናያለን ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አይነገርም። መሬቷ ሄደች ማለት ነው።

ያን ሳምንት በላ ለማለት ያህል በላ። በርም አልነቀለም፤ ይሄኔ ነው እኔ የፈራሁት። መሬቷን ካጣ ያ ሶፋ እንደሚገድለው ገባኝ። አይዞህ፣ ይቅርታ ብዬ ቴክስት አደርግላቸዋለሁ አልኩት። አባዬ እንደ እብድ አየኝ። በድሎ በስልክ ፊደል ይቅርታ የሚባለው ከየት መጥቶ ነው? ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ሰውየው ፈረንጅ ናቸው ስለው፣ ፈረንጅ አይቀየምም ወይ ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ በሱፍና በክራቫት ጭኜ ሄድኩ። አንደኛው ኢስትሙር የሚኖሩ የድሮ መምህር፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሦስተኛው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። አባዬ በደለኛ ስለሆነ አብሮ አይገባም፤ የግቢው በር ላይ ቀረ። ከእርሻው ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል፣ አውርደው ብዬ ብለምነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለኝ።

ባለእርሻው በሩን ከፍተው ሱፍ የለበሱ ሦስት ሐበሻ ሲያዩ፣ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ አመሰግናለሁ ብለው ሊዘጉት ነበር። ከመምህሩ ትከሻ ጀርባ እኔን ባያዩ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አስገቡንና ተቀመጡ አሉ። ሽማግሎቹ አንቀመጥም አሉ። ከሱቅ የተገዛ የፖም ፓይ ቆርሰው አቀረቡ። እሱንም እንቢ አሉ፤ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም፣ አይበላም። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ ዓይኔ ፓዩ ላይ ቀረ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ደቦ ምን እንደሆነ፣ የሠራልህን ሰው እንዴት እንደምትሸኝ፣ ይህ ሰው የእናንተን ሕግ ሲጥስ የእኛን እየጠበቀ እንደነበር። ስሙንም አበላሽቷል፣ በድሏል፤ ካሳውን እርስዎ ይቁረጡ አሉ። እኔም ተረጎምኩ፤ አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

ባለእርሻው ፓዩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ስለ አያታቸው አወሩ። ከጀርመን ሲመጡ እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር አሉ። በአያትየው ጊዜ መውቂያ ማሽኑ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ይዞር ነበር፤ ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል፣ ልጆቻቸውም ከተማ ገብተዋል።

"ስድስት ኤከር ዱባ አለኝ፤ ብቻዬን ነው የማነሳው" አሉ በመጨረሻ። "ካሳ ከሆነ፣ እነዚያ ሰዎች የእኔም እርሻ ላይ ይመጡ ይሆን? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መሬቱን ስታርሱ የእኔንም ጨምሩበት።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ባንዴ ተቀመጡ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ፓዩን ሳቡ። እኔ ሮጬ አባዬን ጠራሁት። ድንጋዩን ተሸክሞ ሳሎን ሲገባ፣ ባለእርሻው ማንም ሳይነግራቸው ተነሥተው ከትከሻው ላይ ተቀበሉትና ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን አባቱ፣ ልናገረው።

አባዬ ካሳውን ስነግረው በደስታ የሚዘል መስሎኝ ነበር። ተቆጣ።

"ጠይቂልኝ" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ብቻቸውን ሲያነሱ፣ ለምንድነው ያልነገሩኝ?"

ጠየቅኳቸው። ባለእርሻው አባቴን ሳይሆን እኔን እያዩ በአጭሩ መለሱ። ሁለት ዓመት በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሀል ያለፈ ቃል ሁሉ በእኔ አፍ ነው ያለፈው። ስለ ዘር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ናፍጣ። ከዚያ ሁል ጊዜ ሺፍት ይረፍድብኛል እያልኩ መኪናዬ ውስጥ እገባ ነበር።

"ምን አሉ?" አለኝ አባዬ።

"'የጠየቀኝ ሰው የለም' ነው ያሉት" አልኩት። ያ ያልጠየቀው ሰው እኔ ነበርኩ።